የዘሐራ ሕዝብ

ሰው በሞተ ሰው ይቀናል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ ቀንቼ አውቃለሁ። በሬሳ ቀንቼ፣ በድንኳን ቀንቼ፣ በለቀስተኛ ቀንቼ አውቃለሁ። ባለፈው ሰሞን እዚህ አዘዞ አንድ ጎረቤታችን አርፈው ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ። «ኧረ ሰዉ! ጠጠር መጣያ እኮ የለም» ትላለች አንዷ። «ምን ይደረግ፣ ሰው ነበራቸዋ!» ትላታለች ሌላዋ። ይሄኔ በጎኔ አንዲት ሴት አለፈች፤ ሽታዋ ግን አላለፈም፣ አፍንጫዬ ሥር ቁጭ አለ። ኹምራ ነው። የማያውቀው ሰው ሽቶ ይለዋል። የሱዳን ሴቶች ከሰንደል እንጨትና ከቅርንፉድ አሽተው የሚያዘጋጁት፣ ልብስ ቢታጠብ እንኳ እኔ አልወጣም የሚል ሽታ ነው። ከዚያ አገር የተመለሰች መሆን አለባት። ፊቷን ልይ ብዬ ስዞር ከሰዉ ጋር ተቀላቅላለች። እኔ ግን እዚያው ቁጭ ባልኩበት ካርቱም ደርሼ ነበር፣ ዴም የሚባለው ሰፈራችን፣ ሰማያዊው የቆርቆሮ በሬ ላይ።

አቤት ዴም! ያኔ ራክሻ፣ እዚህ ባጃጅ የምንለው፣ በሁለት የሱዳን ጊኔ እዚህ እዚያ ያደርሳል፤ ስኳር እንደ ኋላው እሳት አልሆነም፤ ከአልጣኢፍ፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ ተሳፍሮ ለመምጣት ሐፍላው፣ ሚኒባሱ ማለቴ ነው፣ የሳንቲም ነገር ነበር። የሐፍላው ረዳት አይጣራም፣ ሒሳብ ሲፈልግ ጣቱን ጆሮሽ ሥር ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። መውረድ ስትፈልጊ ደግሞ አንቺ ቀጭ ታደርጊለታለሽ። ሴቱ ሁሉ ጠርሓውን፣ የራስ ሻሹን፣ ጣል አድርጎ፣ ረጅም ቀሚሱን ጎትቶ ነው የሚሄደው፣ ፖሊስ ዓይን ውስጥ ላለመግባት። ከሻ የሚሉት አፈሳ ነበራ፤ ሐበሻ ከሦስት ከአራት በላይ ሆኖ ጥግ ላይ ከቆመ ልብ ይደልቃል። ከየቡና ቤቱ የእኛ አገር ዘፈን ይወጣል፣ ሱዳኖቹ ቃሉን ሳያውቁት አብረው ያዜሙታል። እኔ ከሱዳናዊቷ አከራዬ ከሐጃ ሳዕዲያ ቤት ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ክፍል ተከራይቼ ፀጉር እሠራ ነበር። ሹሩባ፣ አልባሶ፣ የፈለጋችሁትን። አብራኝ የምትሠራው ጽጌ ናት፤ ከእኔ ብዙ ታንሳለች፣ እጇ ፈጣን ነው፣ ሙያውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዓርብ ማለት ለእኛ እሑድ ነው። በየሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች እረፍት የሚያገኙት ዓርብ ብቻ ስለሆነ፣ ከየአቅጣጫው የሌላ ሰው ቤት ሳሙና እየሸተቱ ይመጡና ክፍሌን ይሞሏታል። እኔ ፀጉር እየሠራሁ ወሬ አወራለሁ። ወሬማ ማን ይችለኛል!

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደልን የለየሁት ስኳርና ሻይ በሚጠቀለልበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ ቃል ስሰማ እንደ ተማረ ሰው ቶሎ አላሳልፈውም፤ እንደ ከረሜላ አላምጠዋለሁ። በልጅነቴ እነዚያ ቁራጮች ላይ «ሰፊው ሕዝብ» የሚል አይጠፋም ነበር። ሰፊ ቤት ያላቸው ሰዎች ይመስሉኝ ነበር እኮ! እኛ ነን ማለት ነው ብሎ ያስረዳኝ ሰው ሲመጣ፣ ስድስታችን የምንተኛበትን መደብ አይቼ ሳቅሁ። ካርቱም ስመጣ ደግሞ ሌላ ቃል ሰማሁ፤ ገላባ። ድሃው፣ ተርታው፣ ላብ አደሩ ማለት ነው። ስድብ አይደለም። ሹፌሩ፣ ሻይ ሻጯ፣ ውኃ በአህያ የሚያዞረው፣ «እኛ ገላባ ነን» ሲሉ ትከሻቸውን ከፍ አድርገው ነው። እኛን ሐበሻዎቹንም እዚያው ውስጥ ይጨምሩን ነበር፣ ደስ ይለኛል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የለቅሶ ቃል ነው። በአገሬ ለቅሶ ውሎ ለተመለሰ ሰው «እንዴት ዋለ?» ይባላል። የሟቹ ዕድሜ ልክ በዚያች መልስ ውስጥ ናት። «ሰዎች ነበሩ» ከተባለ፣ ያ ሟች ያሳዝናል። «ደህና ሰው ነበር» ከተባለ ይበቃዋል። «ጠጠር መጣያ አልነበረም» ከተባለ ልጆቹ ቀና ብለው ይሄዳሉ። ሰዉ ከመብዛቱ የተነሳ መልስ ሲጠፋ ደግሞ፣ የተጠየቀው ሰው እጁን አናቱ ላይ ጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሕዝብ!» ይላል። ሌላ ምንም አይጨምርም። እኔ ይቺን ቃል ለማግኘት ስንት ዘመን ጓጓሁ መሰላችሁ።

ዘሐራ ያለ ጉጉት አገኘቻት። ዘሐራ የወሎ ሴት ናት። አልጣኢፍ አንድ ትልቅ ቤት ብዙ ዓመት ሠርታ፣ ኋላ ከከተማው ዳር፣ ካላክላ፣ ሁለት ክፍል ተከራየች፤ እዚያ ኪራይ ርካሽ ነው፣ አቧራው ግን ለጉድ ነው። ጥርሷ ፍንጭት፣ ድምፅዋ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ስትስቅ ሆዷን የምትይዝ። ከአገር ቤት ዛሬ የገባች ልጅ ማደሪያ ካጣች «ዘሐራ ጋ ሂጂ»፤ ከአሠሪዋ የተጣላች «ዘሐራ ጋ ሂጂ»፤ የታመመች፣ ያረገዘች፣ ያኮረፈች፣ ሁሉም ዘሐራ ጋ። እኔስ? እኔም እኮ አዲስ ለመጣች ልጅ የመጀመሪያውን ሹሩባ በነፃ እሠራለሁ! ማን አወራልኝ? ሐፍላ ውስጥ ስትገባ ሴቶቹ ተሽቀዳድመው ይነሱላታል፤ ረዳቱ ጭራሽ ጣቱን አያጮኽባትም። እኔን ግን ገና ሳልቀመጥ ቀጭ! «የዘሐራ ልጆች»፣ «እነ ዘሐራ»፣ «የዘሐራ ሰው» ይባላል። የትርንጎ ሰው ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም፣ ስሙ የእኔ ሆኖ ሳለ።

እናቷ ያረፉ ጊዜ ለቅሶው ካላክላ ነበር። ክርስቲያኑ፣ እስላሙ፣ የሰፈሩ ሱዳን ሳይቀር ሲዋን የሚሉትን ድንኳን ጥሎ ተቀመጠላት። እኔም ሄጄ ጀርባዬ እስኪቃጠል አልቅሻለሁ። በማግስቱ አንዲት ደንበኛዬ፣ እያበጠርኳት፣ «ለቅሶው እንዴት ዋለ?» ብላ ጽጌን ጠየቀቻት። ጽጌ መርፌውን አስቀመጠች፣ እጇን አናቷ ላይ ጫነች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሕዝብ!» አለች።

«እትዬ ትርንጎ፣ ኧረ ራሴን ነቀልሽው!» ብላ ጮኸች ደንበኛዬ። ማበጠሪያውን ምን ያህል እንደሳብኩት አላወቅሁም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ። አሟሟቴን አሳምርልኝ ከማለት ቀጥዬ፣ ሰውም አብዛልኝ።

ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ እንዴት እንደምናደርግ ልንገራችሁ፣ ካለዚያ የቀረው አይገባችሁም። መርዶ በመጣበት ቀን አይነገርም። ሰው የለማ! ሰኞ ብትረጂ ከአሠሪዎቿ ማን አስፈቅዳ ትመጣልሻለች? ስለዚህ ወሬው ይደበቅና ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ይረዳል። እስከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ባለ ሐዘኗ ብቻ ናት የማታውቀው። ከሁሉ ቀድሞ የሚነገረው ደግሞ ለፀጉር ሠሪ ነው። ሐዘንተኛ ሹሩባዋን ትፈታለች፤ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ በሦስተኛው ቀን ስትፈታው ማየት ያሳዝናል። እናም «የእከሊትን ፀጉር በዚህ ሳምንት እንዳትነኪው» ይሉኛል። ልጅቱ ስትመጣ ሰበብ መፍጠር የእኔ ሥራ ነው። «እጄን ደንዝዞኛል» እላለሁ። ጽጌንም ያስተማርኳት ይህችኑ ነው።

ታዲያ አንድ ሳምንት ዘሐራ እንደ ልጇ ያሳደገቻት ሰዓዳ ልታገባ ነው፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ካላክላ። የአልጣኢፍ ሴቶች በሙሉ አንድ ዓይነት ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉትን ልብስ፣ ገዝተው፣ ሒና ሊሞቁ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እዚያ ሊያድሩ ቀጠሮ ይዘዋል። የሙሽሪትን ፀጉር የምሠራው እኔ ነኝ። ቂም እያለብኝም ቢሆን ኮርቼበታለሁ፤ ሰው ዘሐራን ቢከባትም የሙሽራዋ ራስ በእኔ እጅ ነው። ሰኞ ዕለት ስልክ ተደወለ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ዘሐራ ነኝ። የሰዓዳን ፀጉር አትድከሚበት፣ እዚሁ አንዲት ማሻጣ አግኝተናል።»

«ማሻጣ? የሱዳን ፀጉር ሠሪ?»

«አዎ፣ ጎረቤታችን ናት። አንቺ ዕረፊ እታለም።»

«ምን አርጌ ደክሜ ነው የማርፈው?»

ከኋላዋ ከበሮ የሚሞክሩ ልጆች ይሰማሉ። «ወላሂ ለክፋት አይደለም» ብላ ዘጋችው።

እንዴት እንደነደድኩ! ጽጌን «አየሻት?» አልኳት። «ሕዝብ የሷ፣ ሰርግ የሷ፣ አንዲት ራስ እንኳ ለእኔ አልተወችልኝም! ግዴለም። ነይ አልባሶ ሥሪኝ። ዓርብ እዚያ ሰርግ ቤት ስገባ ሙሽራዋ እስክትረሳ ነው የማምረው።»

ጽጌ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ዛሬ እንኳ… እጄን ደንዝዞኛል።»

«ነገ ታዲያ።»

«ነገም እንጃ፣ እትዬ። በጣም ነው የደነዘዘኝ።»

ማራገቢያው ከላያችን ይዞራል። እሷ እሱን ታያለች፣ እኔ እሷን። የገዛ ቃሌ ተመልሶ መጣብኝ። አባቴ ድሮ ነው የሞተው። እናቴ ከጾም ጀምሮ ተኝታለች። ትናንት ለእህቴ ስደውል «ኔትወርኩ ነው፣ አይሰማም» እያለች ዘግታብኝ ነበር፤ እኔ ግን እስትንፋሷን ሳይቀር እሰማት ነበር። ዘሐራም የሙሽራ ራስ የከለከለችኝ ለዚህ ነው፤ ሐዘንተኛ እጅ ሙሽራ አይነካም። ሁሉም ነገር በአንዴ ገባኝ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን ነበር? እናቴ ናት? አይደለም። ዓርብ ናት። ይቺ ዓርብ! ሰዉ ሁሉ ካላክላ ሰርግ ሲበላ፣ የእናቴ ለቅሶ ዴም ባዶ ምንጣፍ ላይ ሊዋል ነው። «እንዴት ዋለ?» ሲባሉ፣ «ሰዎች ነበሩ» ሊሉባት ነው እናቴን።

ማወቄን ደግሞ መናገር አልችልም። የተደበቀልሽን መርዶ አውቄዋለሁ ማለት የደከሙልሽን ሰዎች መሳደብ ነው። እንዲያም ሆኖ በማግስቱ እየዞርኩ ገባሁበት።

«ጽጌዬ፣ ለመሆኑ በዚህ ዓርብ ሰው የሚፈልግ ሌላ ነገር ያለው ሰው ቢኖር ምን ያደርግ ይሆን?»

ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። «ምን ዓይነት ነገር?»

«ማንኛውም። ለሚቀጥለው ዓርብ ቢያቆየው አይሻለውም? ሰዉ ሁሉ እኮ ዘሐራ ጋ ነው።»

«ኧረ እትዬ፣ አንዳንድ ነገር አይቆይም» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። አሳዘነችኝ፣ ማበጠሪያውን አንስቼ ሰጠኋት።

እስከ ዓርብ እንደ ተዋናይ ሆኜ ከረምኩ። ሐጃ ሳዕዲያ ሰበብ ሳትፈጥር አሲዳ፣ የእነሱን ገንፎ፣ በሳህን ታስገባልኛለች። የመንገድ ሻይ ሻጯ ስታየኝ ዓይኗን ትሰብራለች። እኔ ፀጉር እሠራለሁ፣ ወሬ አወራለሁ፣ እስቃለሁ። አላለቀስኩም። ብቻዬን ባለቅሰው ያልቅብኛል ብዬ ሰሰትኩ። እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ ደግሞ፣ ቢያለቅሱትም የሚመጣ አልነበረም። ደረቴ ውስጥ የነበረው እንባ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ከዴም ማን ይመጣል? ከቤተ ክርስቲያን ማን? ከአልጣኢፍ ማንም።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የዴም ዕድር ሰብሳቢ ጋሽ ተሰማ ናቸው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። ከኋላቸው ጽጌ፣ ሐጃ ሳዕዲያና ጥቂት የሰፈር ሰዎች።

«ትርንጎ ልጄ፣ በርቺ እንግዲህ። የማይቀር ነው» አሉኝ።

እንደሚገባው ጮኽኩ፤ «ወይኔ እናቴ!» ብዬ ደረቴን መታሁ። ጽጌ ፀጉሬን ፈታችልኝ። ሐጃ ምንጣፏን መንገዱ ላይ አነጠፈች። ድምፄ ይወጣል፣ ዓይኔ ግን ደረቅ ነው። ከሻሼ ሥር ሆኜ ምንጣፉን አያለሁ። ግማሹ ባዶ ነው። ነፋሱ ጫፉን እያነሳ ያራግበዋል፣ የሚጫነው ሰው የለማ። ከጎኔ ያለችው ሴት ላጽናናሽ ብላ፣ «አይዞሽ፣ ሰዉ እኮ ጠልቶሽ አይደለም፣ ሰርግ ሄዶ ነው» አለችኝ። በሐዘኔ ላይ ሐዘን ጨመረችበት።

ፀሐይ ከቤቶቹ አናት በላይ ስትወጣ የመኪና ጥሩምባ ሰማን። አንድ ሐፍላ መጣ። ከኋላው ሌላ። ከኋላው ሌላ። ለሙሽራ አጀብ የተከራዩአቸው ናቸው፣ ሪባናቸው እንደተንጠለጠለ ነው። በሩ ሲከፈት ከሰው በፊት የወረደው የኹምራ ሽታ ነው። ከዚያ ሴቱ ይፈስ ጀመር። አንድ ዓይነት የሰርግ ቶብ ለብሰዋል፣ ከላይ ነጠላ ዘቅዝቀው ጥቁር ጠርሓ ጣል አድርገውበታል። የግማሾቹ እጅ ሒናው ገና አልደረቀም፣ በፌስታል ተጠቅልሏል፤ ደረታቸውን ሲመቱ ፌስታሉ ኮሽ ኮሽ ይላል። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። መንገዱ ጢም አለ፣ ግድግዳው ሥር፣ የጎረቤት ደረጃ ላይ፣ የቆመ ራክሻ ውስጥ ሳይቀር። «ያ ጀማዓ፣ ዘሕማ ሸዲዳ!» ይላል አንድ የራክሻ ሹፌር፣ እንዴት ያለ ግፊያ ነው ማለቱ ነው፤ ማለፍ አቅቶት ሞተሩን አጠፋና እሱም ወርዶ ተቀመጠ። ከሻ ቢመጣ ያን ሁሉ ሐበሻ ሲያፍስ ይውላል። ማንም ዞር ብሎ አላየም።

በሩ ላይ የቆመችው ጽጌ እጇን አናቷ ላይ ስትጭን በዓይኔ አየኋት። «ሕዝብ!» አለች። ያቺን ቃል እናቴ አገኘቻት! ልቤ ብድግ አለ። ያቺ ከጎኔ ያለችው ሴት ግን ደስታዬን አላስጨረሰችኝም። «የዘሐራ ሕዝብ እኮ ነው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «የሰርጓን ቤት ባዶ አድርጋ አምጥታልሽ! እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?» ልቤ ተመልሶ ቁጭ አለ። የገዛ እናቴ ለቅሶ ላይ እንኳ ሕዝቡ የእሷ ሆነ።

ዘሐራ ሰዉን በክርኗ እየከፈለች መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። አቀፈችኝ። «ሰርጉ ከጁምዓ በኋላ ነው፣ ይደርሳል። ለቅሶ ግን አይጠብቅም» አለች በጆሮዬ። ቀጥላ፣ «እታለም፣ የእናታችን ስማቸው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ደነገጥኩ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ጋሽ ተሰማም፣ ጽጌም። የትርንጎ እናት ነው የሚሏት። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ፊቷን ያየ የለም። እኔም ራሴ ስሟን ከአፌ ካወጣሁት ስንት ዘመኔ ነው።

«እንጉዳይ» አልኳት።

ተነሳች። «ሙሾ ሐራም ነው ይሉኛል» አለች ለሰዉ፤ «የሰው ስም መጥራት ግን ማን ይከለክለኛል?» ከዚያ በዚያ ሻካራ ድምፅዋ፣ ከሆዷ ስባ፣ «እማማ እንጉዳይ!» አለች። መንገዱ ሁሉ ተቀበላት፤ «እማማ እንጉዳይ!» እዚያው ካርቱም ያደጉት ልጆች «ኢንጉዳይ» ይላሉ፤ ሐጃ ሳዕዲያም እንደነሱ። «እማማ እንጉዳይ፣ ልጅዎ በሰው አገር ቀረችብዎ!» ትላለች ዘሐራ፤ ይቀበሏታል። አብራት ውኃ የቀዳች፣ አብራት ያረሰች ነው የምትመስለው። እናቴ በሕይወቷ ስሟ እንዲህ አምሮ ተጠርቶ አያውቅም። እኔ፣ አምጣ የወለደችኝ ልጇ፣ እንዲህ አድርጌ ጠርቻት አላውቅም።

ያኔ ቅናቱ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ነደደ። ሕዝቡን ውሰጂው፣ ሰርጉን ውሰጂው፣ ይቺን ግን አልሰጥሽም! ብድግ አልኩና ነጠላዬን ጥዬ ከእሷ በላይ ጮኽኩ። «እንጉዳይዬ! እምዬ! ወጥ ላይ ጨው የምታበዢ! ዝናብ ሲመጣ እኛን ትተሽ ጫጩት የምታስገቢ! ልትመቺኝ ሮጠሽ ደርሰሽብኝ የምትስሚኝ!» ዘሐራ ይህን ከየት ታመጣዋለች? አታመጣውም። ጮኽኩ፣ ጮኽኩ፣ የማውቀውን ሁሉ፣ እሷ የማታውቀውን ሁሉ። መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም፤ አንገቴ ሥር ሲረጥብ ነው ማልቀሴን ያወቅሁት። ዘሐራ አጠገቤ ቁጭ አለች። ሕዝቧም እኔን ያዳምጥ ጀመር።

ዘሐራ አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ያ ሁሉ ጦርነት ካርቱም ላይ ከመጣ በኋላ አንዳንዱ ፖርት ሱዳን ገብታለች ይላል፣ አንዳንዱ ደሴ አየኋት ይላል። የትም ትሁን ሰው እንደከበባት እርግጠኛ ነኝ። እኔ እዚህ አዘዞ ቤቴ ውስጥ ማንም በሌለበት ሰዓት አንዳንዴ ድምፄን ሻከር አድርጌ፣ ከሆዴ ስቤ፣ «እማማ እንጉዳይ» ብዬ እሞክረዋለሁ። እስከ ዛሬ እንደ ዘሐራ አልሆነልኝም።